የአስራ ሰባት ሰቅል መሬት

5000 ብር ከፍዬ ስለተነገረኝ ትንቢት ልንገራችሁ። ለማንም አውርቼው አላውቅም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳን የነገርኳቸው ስንት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ አሁን ግን ነገሩ ስላለፈ ይኸው ልጻፈው፣ ሳቁብኝ ችግር የለም።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ተመርቄ ሶስት ዓመት ሙሉ ቋሚ ስራ አጣሁ። አዲስ አበባ ጓደኛዬ ቤት ፍራሽ አንጥፌ እየተኛሁ አንዳንዴ ሳይት ላይ የቀን ስራ እየሰራሁ (ኢንጂነር እንዳትሉኝ፣ ሲሚንቶ ቆጣሪ በሉኝ) እንደምንም እኖራለሁ። የማገባት ልጅም ነበረች፣ እሷ ጠበቀች ጠበቀች... ይቅር የሷን እዚህ አላነሳም። ብቻ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ የትንቢት ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነው። ቲክቶክ ደሞ አንዴ ምን እንደምትወድ ካወቀ አይለቅህም፣ አንዱ የዳንኤል አራተኛው አውሬ እገሌ የሚባለው ሀገር ነው ይላል፣ አንዱ 666 ባርኮድ ላይ ነው ያለው ይላል፣ ሌላው ካርታ ዘርግቶ ጎግና ማጎግን እንደ ቀበሌ ይከፋፍላል፣ ሁሉም ደሞ ከኋላው ያ ልብ የሚያደርቅ ሙዚቃ አለው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንደዛ ነው። ጠዋት ስነሳ ፍርሃት ብቻ ነው ውስጤ የሚቀረው። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ በቀን አራት ሰዓት ቪዲዮ እያየሁ አንድ አባታችን ሆይ ማድረስ አቃተኝ፣ ይሄን ልብ በሉልኝ።

ሰውዬው የመጣው በዛ ሰሞን ነው፣ በቴሌግራም። ነቢይ ነኝ ይላል፣ ስሙን አልጠራም። ስምህንና የእናትህን ስም በቮይስ ላክልኝ አለኝ። የእናት ስም ሲጠይቀኝ መንቃት ነበረብኝ እኮ፣ ይሄ የኮከብ ቆጣሪ ጥያቄ ነው! ግን የተጨነቀ ሰው ጆሮው ክፍት አእምሮው ዝግ ነው፣ ከጓደኛዬ ተበድሬ 5000 ብር በቴሌብር ላክሁ። ትንቢቱም መጣ፣ 47 ሰከንድ የሚሆን ቮይስ፣ "እስከ መስቀል ድረስ በር ይከፈትልሃል፣ ነጭ መኪና ይታየኛል" የሚል። ቮይሱን ሃምሳ ጊዜ ሳልሰማው አልቀርም። መስቀል መጣ፣ ደመራው ተለኮሰ፣ አለፈ። በሩም አልተከፈተም፣ ነጭ መኪና ግን አይቻለሁ፣ ጭቃ ረጭቶኝ ያለፈ። ጻፍኩለት። "እምነትህ ጎደለ" አለኝና ብሎክ አደረገኝ።

ይሄን አንብባችሁ የሌላ ቤት ችግር ነው እኛን አይመለከትም ብላችሁ እንዳታልፉት ደሞ። የኛም ቤት ንጹህ አይደለም። አውደ ነገሥት ገልጦ ዕጣህን የሚነግርህ ሰው በየሰፈሩ አለ። ፍካሬ ኢየሱስ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሳል የሚለውን ይዞ አይደል ካሳ ኃይሉ በ1847 ሲነግስ ቴዎድሮስ የተባለው፣ እኛ ሀገር ትንቢት ዙፋን ላይ ያወጣል። ስምንተኛው ሺ ደሞ አለላችሁ። ልጅ ሆኜ ዝናብ ቀርቶ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ "ስምንተኛው ሺ ነዋ!" ይባላል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በቤተክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ዓመተ ዓለምን ለማግኘት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 መደመር ነው፣ ስለዚህ 2017 ማለት 7517 ነው፣ ሰባተኛው ሺ የሞላው በ1500 ነው፣ ስምንተኛው ሺ የገባው በ1501 ነው ማለት ነው፣ በልብነ ድንግል ዘመን። በ1521 ግራኝ አሕመድ ንጉሡን ያሸነፈበት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፣ ያኔ የነበረ ሰው "በቃ ይኸው ደረሰ" ቢል አልፈርድበትም። ግን ከዛ ወዲህ ስንት ትውልድ እዛው ስምንተኛው ሺ ውስጥ ተወልዶ፣ ተድሮ፣ አርሶ፣ ወልዶ፣ ሞቶ አለፈ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ማረሱን ትቼ ማስላት የያዝኩት?

ኅዳር ላይ አባቴ ደወለ። አባቴ በስልክ ረጅም አያወራም። "ጤፉ ደርሷል፣ ሰው የለም፣ ና" አለኝና ዘጋ።

ሄድኩ። የኛ ቤት ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ ከሉማሜ ወደ ውስጥ በእግር ትንሽ የሚያስኬድ። መንገዱ በዛ ሰሞን አንድ ሳምንት ይከፈታል አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ ጎሃ ጽዮን ላይ አንድ ሌሊት አደርን፣ በነጋታው አባይ በረሃን ወርደን ደጀን ስንወጣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ተመስገን አለ። ሰፈር ስደርስ ስልኬ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፣ ዳታ የለም፣ ቲክቶክ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እጄ ዝም ብሎ ወደ ኪሴ ይሄዳል። እንደ ጫት አራራ በሉት።

የአባቴ እናት እማሆይ አሉ። አያቴ ከሞተ በኋላ ነው የመነኮሱት። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፣ ጥጥ ግን አሁንም ይፈትላሉ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ከኔ ዓይን የሳቸው ጣት ይሻላል። ማታ ማታ ከአውድማ ደክሞኝ ስገባ በሶላር መብራት ያን 81 መጽሐፍ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ያወጡና "በል አንብብልኝ" ይሉኛል። ምን ላንብብ ስላቸው "የነቢያት ጾም አይደለም እንዴ፣ ነቢያትን ነዋ" አሉ።

ላላወቀ፣ ኅዳር 15 የሚገባው የገና ጾም ጾመ ነቢያት ይባላል፣ ነቢያቱ ይወርዳል ይወለዳል እያሉ የጠበቁትን እያሰብን የምንጾመው ነው። ለአዳም በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ የተባለው ነው መነሻው፣ አምስት ቀን ተኩል ማለት 5500 ዘመን። ቅድም ዓመተ ምሕረቱ ላይ የደመርነው ቁጥር እሱው ነው፣ የኛ የዘመን አቆጣጠር ራሱ ስሩ የተስፋ ቃል ነው እንግዲህ። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ግን ነቢያት የሚለውን ቃል ስሰማ ያ ሙዚቃ ጆሮዬ ላይ መጣብኝና ሆዴ ተላወሰ። "ኤርምያስን አንብብልኝ፣ ያን ሲያለቅስ የኖረውን" አሉኝ እማሆይ። እሺ ብዬ ገለጥኩ፣ ያወጣሁት ምዕራፍ 28 ነበር።

ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ፣ የገባዖን ሰው። ናቡከደነፆር የቤተ መቅደሱን ዕቃ ዘርፎ፣ ንጉሡንም ማርኮ ወስዷል፣ ሕዝቡ ተጨንቋል። ሐናንያ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ "ሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃው ይመለሳል፣ ንጉሡም ይመለሳል" ይላል። ኤርምያስ አንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር አድርጎ ነው የሚዞረው፣ ለባቢሎን ትገዛላችሁ ለማለት። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው።

እዚህ ጋ ቆምኩ። "ምነው?" አሉኝ። ምንም አላልኩም። "እስከ መስቀል" የሚለው ቮይስ ነው የመጣብኝ።

የገረመኝ ደሞ ኤርምያስ አልተቆጣም። መጀመሪያ ያለው ነገር "አሜን፥ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ" ነው። እሱም ይፈልጋል እኮ! እሱም ሁለት ዓመት ቢሆን ደስ ይለዋል፣ የሱም ወገን ነው የተማረከው። ሐናንያ ቀንበሩን ሲሰብርበት ደሞ መልስ አልሰጠም፣ "ኤርምያስም መንገዱን ሄደ" ነው የሚለው። በቃ ሄደ። ኮመንት አልጻፈ፣ ላይቭ አልገባ። በኋላ ነው ቃል መጥቶለት የእንጨት ቀንበር ሰብረሃል በምትኩ የብረት ቀንበር ይመጣል ያለው። እማሆይ እዚህ ጋ እንዝርቱን አቁመው "የብረት ቀንበር በሬ ይገላል" አሉ። ሐናንያም በዛው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። በአምስተኛው ወር ነበር ሁለት ዓመት ያለው።

ቀጣዩ ምዕራፍ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፣ የባጃጁ ጥቅስ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ብትሄድ ከሶስት ባጃጅ አንዱ ጀርባው ላይ ኤር. 29፥11 ሳይኖረው አይቀርም፣ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም የሚለው። እኔም ስልኬ ላይ ዎልፔፐር አድርጌው አውቃለሁ። ከሱ በፊት ያለውን ቁጥር 10ን ግን ማንም ባጃጅ ላይ አይለጥፈውም፣ 70 ዓመት ነው የሚለው! ይሄ እኮ ኤርምያስ ባቢሎን ለተማረኩት የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ የተላከላቸው አዋቂ ሰዎች አብዛኞቹ መመለሱን አያዩትም። እና ምን አድርጉ አላቸው መሰላችሁ፣ ቤት ስሩ፣ አታክልት ትከሉ ፍሬውንም ብሉ፣ አግቡ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ለተማረከ ሰው፣ ሻንጣውን ላልፈታ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ደሞ ሶስት ዓመት ሙሉ ሻንጣዬን ሳልፈታ ነው የኖርኩት፣ የምሬን ነው፣ ጓደኛዬ ቤት ልብሴን ከሻንጣ እያወጣሁ ለብሼ መልሼ ሻንጣ ውስጥ ነው የማስገባው፣ ስራ ሳገኝ ነው የምገባው እያልኩ።

"70 ዓመት" አልኳቸው እማሆይን፣ ይደነግጣሉ ብዬ። "እኔስ 80 አልሞላኝም?" አሉ።

ቀን ቀን ስራው አለ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ነበር፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፣ ክምሩን አፍርሰን በሬዎቹን ስናበራይ እንውልና ገለባውን በመንሽ እናነሳለን፣ ከዛ ነፋስ ነው የሚጠበቀው። ጤፍ እንደ ስንዴ አይደለም፣ ነፋሱ ከበረታ ምርቱንም ይዞት ይሄዳል፣ ከሌለ ደሞ ላይዳህን (የማዝሪያውን እንጨት) ይዘህ ተገትረህ ትቀራለህ። አንድ ከሰዓት እንዲሁ ጸጥ አለ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ጮቄ በሩቁ ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ እኔና አባቴ ምርቱ አጠገብ ቁጭ ብለናል፣ አባቴ ቀስ እያለ ያፏጫል። ለምንድነው የምታፏጨው ስለው "ነፋስ እየጠራሁ" አለኝ፣ ሲመልስልኝ ትንሽ እንኳን አላፈረም።

ያን ቀን ማታ በራሴ ሕዝቅኤል 37ን ገለጥኩ። የደረቁ አጥንቶች ያሉበትን። ሕዝቅኤል ካህን ነው፣ ከኢየሩሳሌም ተማርኮ ባቢሎን በወንዝ ዳር የሚኖር፣ ሚስቱ በድንገት ስትሞትበት እንዳታለቅስ የተባለ ሰው። እግዚአብሔር በአጥንት የተሞላ ሸለቆ አሳይቶት "እነዚህ አጥንቶች በሕይወት ይኖራሉን?" ሲለው አዎ አላለም አይ አላለም፣ "አንተ ታውቃለህ" አለ። እኔ የዛ ሰሞን ማለት የምችለው ከፍተኛው ጸሎት እሱ ነበር። ዝቅ ብሎ ቁጥር 11 ላይ ሕዝቡ ምን ይል እንደነበር ተጽፏል፣ አጥንቶቻችን ደርቀዋል ተስፋችንም ጠፍቷል። ራእዩ ከየት መጣ ብትሉ እነሱ በየቤታቸው ሲያጉረመርሙ ከተናገሩት ከራሳቸው ቃል ነው። የነሱን ሮሮ ነው እግዚአብሔር ወስዶ ሸለቆ አድርጎ ያሳየው። ከዛ አጥንቱ ተጋጠመ፣ ስጋ ለበሰ፣ ቆዳ ለበሰ፣ ግን እስትንፋስ የለውም። እና ሕዝቅኤልን ምን አለው፣ ለነፋስ ተናገር አለው! ከአራቱም ነፋሳት ና በለው።

ሳቄ መጣ። አባቴ አውድማ ላይ ሲያፏጭ ነው የታየኝ። በኛ ቋንቋ እኮ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ አንድ ስር ናቸው፣ በዕብራይስጡም ነፋስና መንፈስ አንድ ቃል ነው ይባላል፣ ይሄን ከመጽሐፍ ማንበብ ሌላ ነው፣ ላይዳ ይዞ ነፋስ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ሆኖ ማንበብ ደሞ ሌላ ነው። አጥንት መገጣጠም ላይ ያለሁ ነኝ አልኩ ለራሴ፣ ሲቪ አሳምሬያለሁ፣ ሰርተፍኬት ሰብስቤያለሁ፣ ቆዳው ሁሉ አለ፣ የጎደለኝ እስትንፋሱ ነው።

በነጋታው ነፋሱ መጣ፣ ለነገሩ ብዙም አልቆየም፣ ግን ሰራን።

ቅኔ ዋሸራ የተማረ አጎት አለኝ (ጎጃም ሆኖ ቅኔ የሚያውቅ አጎት የሌለው ማን አለ)፣ ሊጠይቀን መጥቶ ስለነዛ ቪዲዮዎች ሳወራው "ሰሙን ሳያዩ ነዋ ወርቅ የሚቆፍሩት" አለኝ። ወርቁ እኮ ሰሙ ውስጥ ነው ያለው፣ ኤርምያስ የተናገረው መጀመሪያ ለዛ ለተከበበው ሕዝብ ነው፣ እነሱ ምን እንደሰሙ ሳትጠይቅ በቀጥታ ለኔ ስልክና ለዛሬው ዜና ነው ካልክ ቅኔውን አላወቅከውም አለኝ። ይሄን ብሎ ጠላውን ጠጣ። ከዛ የበሬ ዋጋ ወሬ ተጀመረ።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው።

ኤርምያስ 32። የሴዴቅያስ 10ኛ ዓመት ነው፣ ባቢሎኖች ኢየሩሳሌምን ከበዋል፣ አፈር ከምረው እስከ ቅጥሩ ደርሰዋል፣ ረሃቡ ገብቷል፣ ከተማዋ ብዙም ሳትቆይ ወደቀች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ መሆኑ ነው። ኤርምያስ ራሱ ታስሯል፣ ከተማዋ ትያዛለች ብለህ ተናገርክ ተብሎ በዘበኞች ግቢ ውስጥ። በዚህ መሀል የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጣና "ዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ፣ የመቤዠት መብቱ ያንተ ነው" አለው።

እማሆይ እዚህ ጋ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መሬት ሲነሳ ጎጃሜ ወደፊት ጠጋ ይላል። "ቆይ ቆይ፣ ጠላት የያዘውን መሬት?" አዎ አልኳቸው። "ተንኮለኛ ዘመድ ነው፣ ምን ገዛ በለኛ" አሉ። ገዛ። "ስንት?" 17 ሰቅል ብር። አንድ ሰቅል 11 ግራም ገደማ ነው፣ ሁለት መቶ ግራም የማይሞላ ብር በሉት። "ምስክር አለ?" አለ አልኳቸው፣ እያነበብኩ፣ ምስክር ጠራ፣ ብሩን በሚዛን መዘነ፣ ውሉን ፈረመ፣ አተመ፣ አንዱ የታተመ አንዱ ክፍት ሁለት ሆኖ ተጻፈ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ እንደማለት፣ ለጸሐፊው ለባሮክ በሰዎች ሁሉ ፊት ሰጠው። እማሆይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አያቴ በሕይወት እያለ ስለ አንድ ድንበር ስንት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሰበትን ያውቁታላ። "ይኼስ ነገር ያውቃል" አሉ። ዛሬ መሬት አይሸጥ አይለወጥ እንጂ ደብተሩን አጥብቆ መያዝ ያው ነው፣ የኛም የመሬት ደብተር ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው ያለው።

ከዛ ኤርምያስ ባሮክን ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጋቸው አለው፣ ቤትና እርሻ የወይን ቦታም በዚህች አገር ገና ይገዛሉና። "ኸገንቦ?" አሉ እማሆይ። ኸገንቦ አልኳቸው። "እንደ አባታችን ዘርአብሩክ መጻሕፍት" አሉ ወዲያው። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የሚተረከውን ነው፣ አቡነ ዘርአብሩክ ሊታሰሩ ሲሉ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ ውሃ አደራ ብለው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲመለሱ ውሃ ሳይነካቸው የወጡትን፣ ግሽ የሚለው ስም ራሱ ከዛ መጣ የሚሉትን። እኔ ለምን እንዳላሰብኩት አላውቅም፣ እሳቸው ግን ኤርምያስን ከሰከላ ሰው ጋር በአንድ ትንፋሽ አገናኙት።

ለኔ የነካኝ ግን ከሱ በኋላ ያለው ነው። ኤርምያስ ውሉን ከፈረመ በኋላ ሲጸልይ ግራ ገብቶታል። ሰማይና ምድርን ፈጠርክ፣ ከግብፅ አወጣኸን፣ ምናምን ብሎ ረጅም ከጸለየ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚለው ነገር በአጭሩ ከተማዋ ተሰጥታለች እኮ፣ አንተ ደሞ እርሻ ግዛ ትለኛለህ ነው። ከፍሎ፣ ፈርሞ፣ አስመስክሮ ጨርሶ ነው የሚጠይቀው! እኔ ሁሌ የማስበው መጀመሪያ ሰው ይረጋጋል፣ ያምናል፣ ይገባዋል፣ ከዛ ያደርጋል ብዬ ነበር። ሰውዬው ሳይገባው ነው ብሩን የመዘነው። ብሩን ደሞ ከራሱ ኪስ ነው ያወጣው፣ የኔው ነቢይ ከኔ ኪስ ነበር። ይሄን ልዩነት ሳየው ያ 5000 ብር እንደገና አመመኝ።

"ኸመሬቱስ አንድ ቁና እህል አገኘ?" አሉኝ። አላገኘም። በኋላ ሕዝቡ በግድ ወደ ግብፅ ይዘውት ወረዱ፣ ዓናቶት ተመልሶ አረሰ የሚል የትም የለም። እማሆይ ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ፣ የተኙ መስሎኝ ነበር።

ስለ አቤሜሌክ ላነብላቸው ስል ግን አስቆሙኝ፣ እሱን በቃላቸው ያውቁታል። ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ነው፣ ገመዱ እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ ከብብትህ በታች አድርግ ያለው። ተረፈ ባሮክ ላይ ደሞ የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ እግዚአብሔር 66 ዓመት አስተኝቶት፣ ሲነቃ የለቀመው በለስ ገና ትኩስ ነው፣ ወተቱ ይንጠባጠባል። እኔም እንደሱ ይሄን ዘመን ተኝቼ ባልፈው እንዴት ደስ ባለኝ አልኳቸው። "እሱስ ኸዚያ ሁሉ እንቅልፍ ሲነሳ ራሴን ከብዶኛል፣ አልጠገብኩም አይደል ያለው፣ እንቅልፍ ምን ይጠገባል" አሉኝ። እውነት ነው፣ እንደዛ ነው የተጻፈው፣ በኋላ ገልጬ አየሁት።

ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አይደለም። ስራ አላገኘሁም፣ መኪናም የለም። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ማድረስ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ እማሆይን ለማስደሰት ነበር በኋላ ግን ለራሴ። ታኅሣሥ ላይ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ተብለው የሚከበሩትን ሶስት እሑዶች ቤተክርስቲያን ሄጄ አስቀደስኩ፣ ፈኑ እዴከ እምአርያም፣ እጅህን ከአርያም ላክ፣ በሳምንቱ ፈኑ ብርሃነከ፣ ብርሃንህን ላክ፣ በሳምንቱ ኖላዊሁ ለእስራኤል አፅምእ፣ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ። ሶስቱም ጥሪ ነው። እንደ አባቴ ፉጨት። ተወልዷል እያልን የምናምን ሰዎች በየዓመቱ እንዳልተወለደ ቆመን እንጠራለን፣ ልጅ ሆኜ ይሄ አይገባኝም ነበር፣ ዘንድሮ ግን እንባዬ መጣ፣ ሻሼ (ነጠላ አልያዝኩም ነበር የእህቴን ነው የለበስኩት) እስኪርስ። ዳንኤልም እኮ ምዕራፍ 9 ላይ የኤርምያስን 70 ዓመት አንብቦ ሲገባው ያደረገው ማቅ ለብሶ መጾምና ስለ ሕዝቡ ኃጢአት መናዘዝ ነው፣ ቀኑን ቆጥሮ ማስታወቂያ አልለጠፈም። እኔም ተናዘዝኩ፣ 5000ውንም ጨምሬ። የንስሐ አባቴ ሳቁ መጀመሪያ፣ ከዛ ቀኖና ሰጡኝ፣ ስንት ስግደት እንደሆነ አልናገርም ግን ጉልበቴ ያውቀዋል።

የእማሆይን ቤት ጣሪያም ጠገንኩት። ክረምት ላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አወጣሁ፣ ማገሩን ቀየርኩ፣ የጎን ግድግዳው ዘሞ ስለነበር ድጋፍ ሰራሁለት፣ ሎድ ምናምን እያሰላሁ፣ አባቴ "ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማርከው?" እያለ ይስቅብኛል። ቤት ስሩ ነው የሚለው ኤርምያስ፣ ዲግሪዬን እስካሁን በደንብ የተጠቀምኩበት በሱ ነው። አሁን አዲስ አበባ ተመልሻለሁ፣ ልብሴን ከሻንጣው አውጥቼ ጓደኛዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለምኜ ሰቅዬዋለሁ።

ልመለስ ስል ዋዜማው ማታ እማሆይ እየፈተሉ ድንገት "አንተየ" አሉ፣ "ያ ደብተር ምን ሆነ?"

"የቱ ደብተር?"

"የኤርምያስ ነዋ፣ የመሬቱ። ኸገንቦ ያኖረው። ማን አወጣው?"

ስንት ቀን ሲያስቡት እንደከረሙ እግዜር ይወቀው። ሶላሩን አስጠግቼ ፈለግኩ፣ ምዕራፍ 32ን ጨረስኩ፣ 40ን 43ን አየሁ፣ የለም። ዕዝራ ጋ ሄድኩ፣ ቂሮስ ለቋቸው ከምርኮ የተመለሱት የተቆጠሩበት ምዕራፍ 2 ላይ። ስም፣ ቁጥር፣ ስም፣ ቁጥር። ቁጥር 23 ላይ ደረስኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ የዓናቶት ሰዎች 128።

"መቶ ሀያ ስምንት ሰው!" አሉ። ፊታቸው በራ። ከዛ አሰቡና "ገንቦውን አገኙት ይላል?"

"እሱን አይልም እማሆይ።"

"እንግዲያ ካላገኙት እዚያው ነው ያለ" አሉና እንዝርቱን አሾሩ።